የሊቀመንበሩ ግራ ክንድ

አባቴ ወጌሻ ነበር፤ እኔም ከእሱ ተማርሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የበግ ወርች እንድዳስስ ያደርገኝና «አሁን ጣትሽ የት ነው?» ይለኝ ነበር። የሰው ክንድም በጣት ነው የሚታወቀው፤ ከክርን በላይ አንድ አጥንት፣ ከክርን በታች ሁለት፣ የእጅ አንጓው ላይ ደግሞ እንደ ጠጠር የተሰደሩ ትንንሾች። ባሕር ዳር ገብቼ ስኖር ደጄ ሰው አይጠፋበትም ነበር። ሲቀዝፍ አንጓው የዞረበት ባለታንኳ ይመጣል፤ አዳልጦት በመዳፉ የወደቀ ይመጣል፤ እናቱ «ና!» ብላ በእጁ ጎትታው ክርኑ የወለቀ ሕፃን ይመጣል። ሕፃኑን አሽቼ፣ እናቲቱን ተቆጥቼ እሸኛለሁ።

በደርግ ጊዜ ለቀበሌያችን አዲስ ሊቀመንበር መጣ። ወጣት ነው፤ ድምፁ ከሰውነቱ ይበልጣል። ሥራዬን «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ከለከለኝ። እሺ አልሁና ሰዉን በጓሮ ማስገባት ጀመርሁ።

ጭንቅ የመጣው ልጄ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትደርስ ነው። ያን ጊዜ የቀበሌ ይለፍ ሳይያዝ ጀልባ ላይ መውጣት የለም። ጀልባዋ ደግሞ በሳምንት አንዴ ናት፤ በማግስቱ ጠዋት ትነሣለች። ሄጄ ብለምነው፣

«እትዬ፣ መጀመሪያ ወጌሻነቱን መተውዎን በስብሰባ ፊት ይናገሩ» አለኝ።

«ልጄ ብቻዋን ናት እኮ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አብዮቱ አለላት።»

አብዮት እትብት ሲቆርጥ አላየሁም፤ ይህን በልቤ ይዤ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ እንደ ወጉ «ኋላ ቀር ልማድ...» እያለ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሲወረውር፣ እኛም ተከትለን ስናነሣ፣ የጠረጴዛው እግር ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ሲወድቅ በዚያው እጁ ቅርንጫፍ ያዘ። ቅርንጫፉ አልተሰበረም፤ ትከሻው ግን ወለቀ። ሰውየው በእግሩ ቆመ፤ ክንዱ ወደ ሰማይ እንደተገተረ ቀረ። ሕመሙ አፉን ዘግቶታል።

እንግዲህ ሊቀመንበር እጁን ካላወረደ ማን ደፍሮ ያወርዳል? ሁላችንም ሰቅለን ቆምን። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ቄስ፣ «ኧረ እቴ፣ ይህስ ማኅሌት ሆነ እኮ፤ መቋሚያ እንኳ የለው!» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔ ትከሻውን አየሁት። ጉብ ማለት የነበረበት ጎድጉዷል፤ አጥንቱ ብብቱ ውስጥ ተወትፏል። ጠጋ ብዬ «ወልቋል፤ ቤቴ ይምጡ» አልሁት። ላቡ እየተንጠባጠበ ተከተለኝ። ስብሰባተኛውም ሰልፍ የተጀመረ መስሎት ከኋላችን ተመመ። በመንገድ ያገኘን ሁሉ እጁን ያነሣል፤ እንስራ ያዘለች ሴት እንኳ እንስራዋን አውርዳ ጨበጠች። እሱ ጥርሱን ነክሶ ያልፋል።

እቤቴ ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ «ይቅር፣ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ» አለ።

«ሂዳ! ገበያውን ሁሉ እጅ እያስነሣህ ሂድ» አልሁት። አንቱታዬ የት እንደገባ እንጃ። ገብቶ ጀንዲው ላይ ተኛ።

የክንድ ራስ እንደ እንቁላል ክብ ነው፤ ማረፊያው ግን እንደ ሙቀጫ ጥልቅ አይደለም፤ እንደ ማንኪያ ሆድ ጎድጎድ ያለ ብቻ ነው። ትከሻ እንደ ልብ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ቶሎ የሚወልቀውም ለዚሁ። ጋቢ በትከሻው ላይ አሳልፌ፣ ወደ እግሩ በኩል እንድትስብ ጫፉን አብራን ለገባች ጎረቤቴ ሰጠኋት፤ እኔ ክንዱን ወደ ተገተረበት ቀስ ብዬ መሳብ ያዝሁ። ሥጋው እምቢ አለ። ሰው ከፈራ ሥጋው ይቆለፋል፤ ልቡን ወደ ሌላ መውሰድ ነው።

«በል እስቲ የቅድሙን መፈክር ጨርሰው።»

«አሁን?»

«አሁን። ጮክ ብለህ!»

«ኋላ ቀር ልማድ...» ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበና «ይውደም!» አለ።

«ይውደም!» አለ ደጅ የቆመው ሰው ሁሉ።

ያኔ ሳብሁት። ቋ! ብሎ ገባ።

ክንዱን አውርጄ ደረቱ ላይ በነጠላ አሰርሁለት። «ጣቶችህን አንቀሳቅስ» ስለው ሁሉም ታዘዙ።

«እስከ አርባ ቀን ማንሣት የለም።»

«ቅዳሜ የከተማው ሰልፍ አለ እኮ!»

«ቀኙን አንሣ።»

«ቀኙን? የአብዮቱ እጅ ግራ ነው እኮ! እትዬ፣ ሊያስበሉኝ ነው?»

ስለዚህ የሚያሳየው ወረቀት አስፈለገው። «እኔም ወረቀት አስፈልጎኛል» አልሁ፣ ጣሪያውን እያየሁ። ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ። በደኅና እጁ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ ጻፈ። ወጌሻ ዘንድ መምጣቱ እንዳይታወቅበት በሁለቱም ላይ ስም አላስገባም። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክሮ ሁለቱንም አስፈረመኝ፤ አጣጥፎ አንዱን ሰጠኝ፣ አንዱን ከተተ። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርሁም፤ የሰጠኝን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርሁ።

ጠዋት ወደቡ ላይ ዘቡ ወረቀቴን አነበበ። ደግሞ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«እናቴ፣ ግራ ክንድዎን እስከ አርባ ቀን እንዳያነሡ፣ ትብብርም እንዲደረግልዎ ይላል። ወልቆብዎ ነው?»

ወዲያው ክንዴን ደረቴ ላይ አጠፍሁት። «በጣም እንጂ ልጄ! ጎርጎራ የምታስታምመኝ ልጅ አለችኝ።»

ማኅተሙን አየና ጠመንጃውን ወደ ኋላ አንግቶ፣ ጓዜን ተሸክሞ ጀልባው ላይ አወጣኝ። ዘቡ ከዓይኔ እስኪጠፋ ክንዴን አልዘረጋሁም።

በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጄን በእነዚህ እጆቼ ተቀበልኋት። ሊቀመንበሩን ደግሞ ቅዳሜ ሰልፉ ላይ «እጅህን ለምን አታነሣም?» ብለው ሲያፋጥጡት፣ ኮራ ብሎ ወረቀቱን ሰጣቸው አሉ። የሰልፉ አለቃ ተቀብሎ በሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ አነበበለት፦ «ልጇን ለማረስ ወደ ጎርጎራ እንድትሄድ ተፈቅዶላታል።»