በባህሩ ዳር የዋልነው ቀን

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከኮልፌ ሦስት ሆነን ቆዳ ጭነን ምጽዋ ወረድን። ካሚዮኑ የአንደኛው ጓደኛችን ነው፤ የሚነዳውም እሱ። ሌላው ጎረቤቴና የንግድ ሸሪኬ ነበር፤ እናቱን የሚጦር፣ ጉልበታቸውን ሳይስም ከደጅ የማይወጣ ሰው።

ቆዳውን ባራገፍን ማግስት ጠዋት፣ ሁለቱ የካሚዮኑን ጎማ ሲያዩ፣ እኔ ደንበኛችን ሱቅ ለስልክ ተጠራሁ። የደወሉት የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። «ሸሪክህን ቶሎ ይዘኸው ና። እናቱ ደክመዋል። ለሱ ምንም እንዳትነግረው» አሉኝና መስመሩ ተቋረጠ።

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰውየው መንገድ ላይ ከሆነ «ታመዋል» ተብሎ ይጠራል፤ ቤቱ ከገባ በኋላ ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያረዱታል። ስለዚህ ሞተዋል ብዬ ደመደምኩ። ሙስሊም ናቸውና በዕለቱ ተቀብረዋል፤ ብንፈጥንም ብንዘገይም የምንደርሰው ለለቅሶ ነው አልኩ።

እውነቱን ልጻፍ። ያን ቀን የባህሩን ዳር ይዘን ልንዞር ተቃጥረን ነበር። ባህርን የማውቀው ማንበብ በራሴ ከተማርኩ ወዲህ ካገኘኋቸው መጻሕፍት ነው፤ ልየው ብዬ ዓመታት ተመኝቻለሁ። ለራሴ ግን «አንድ ቀን እንኳ ሳያዝን ይዋል» አልኩ። ልጆቼን በትንሽ ውሸት የምቀጣ ሰው ነኝ። ወግን የምኞት መሸፈኛ ማድረግ ከውሸት እንደማይሻል ያኔ አልገባኝም።

ለሁለቱም ምንም ሳልናገር፣ ምጽዋ አጠገብ ካለችው ሕርጊጎ አልፈን ወደ ደቡብ ነዳን። በግራችን ባህሩ፣ በቀኛችን ራቁቱን የቆመ ተራራ። ግመሎች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ጨው ውሃ ላይ ከበቀሉ ዛፎች ቅጠል ይቀነጥባሉ። ዓሣ አጥማጆች ከጠበሱት አካፈሉን። ጎረቤቴ ከነሱሪው እስከ አንገቱ ገባ።

«ተወው፣ ቆዳውን እየዘፈዘፈ ነው» አለ ባለካሚዮኑ።

«ያንተማ ዓመት ቢዘፈዘፍም አይለሰልስም» አለው ጎረቤቴ ከውሃው ውስጥ።

ከዚያ ጠርሙስ አምጡልኝ አለ። የባህር ውሃ ለእናቱ ጉልበት ይበጃል ብለው ነግረውታል። እስኪሞላ ድረስ ጠርሙሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ከቀናት በኋላ ኮልፌ ስንገባ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤቴ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። እናቱ የተቀበሩት ግን ገና በዋዜማው ነበር፤ ስልኩ ሲደወል በሕይወት ነበሩ። እስከ መጨረሻው «ልጄ አልመጣም?» ሲሉ ነበር አሉ።

ሽማግሌው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ቶሎ አላልኩህም?»

ሞተዋል ብዬ ነው አልኳቸው። አትንገረው ያሉኝ በመንገድ እንዳይጨነቅ ኖሯል። ራሳቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

አርባው ካለፈ በኋላ ቤቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ የባህሩን ምኞቴንም አልደበቅኩም። አልጮኸብኝም።

«ጠርሙሱን ስትይዝልኝ ታውቅ ነበር?»

«ሞተዋል ብዬ ነበር።»

«እንዲያም ሆኖ ያዝክልኝ» አለና ተነስቶ ወጣ።

ሽርክናችን በዚያው ቀረ፤ ሰላምታው ግን አልቀረም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንድሜ ገጠር ሳለ ሞተ። ወሬው ቀድሞ የደረሰው ያ ጎረቤቴ ዘንድ ነው። ሽማግሌ አላስከተለም፣ ማለዳም አልጠበቀም። በጠራራ ፀሐይ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ወንድምህ ዛሬ ጠዋት ሞቷል። አሁን ከተነሳህ ለቀብሩ ትደርሳለህ» አለኝ።

ሰፈሩ ጨካኝ አለው። እኔ ግን ለቀብሩ ደረስኩ።