አያ ይሁኔ ያላዩት ጥርስ

አርብ ገበያ ከብት ተራ ውስጥ የሻጭ መሐላ የሚታመነው አያ ይሁኔ የበሬውን አፍ ከፍተው እስኪያዩ ድረስ ብቻ ነው። ሻጭ ገና ወይፈን ነው ብሎ ይምላል፤ እሳቸው በግራ እጃቸው አፍንጫውን ይዘው፣ በቀኛቸው የታችኛውን ከንፈር ወደ ታች ይገልጡና ከወተት ጥርሱ ስንቱን ጥሎ ስንቱን እንደተካ ያያሉ። ከዚያ ይናገራሉ። አንድ ጊዜ የገዛ አማቻቸውን በሬ አርጅቷል ብለው ገዢ አስመልሰውበት፣ ሰውየው እስከ ፋሲካ አኩርፎ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚቀበሉት አንድ ጣሳ ጠላ ነው፤ እሱንም ሽያጩ ሳያልቅ አይነኩትም።

እኔ ከገበያው በላይ ባለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአንደኛ ክፍል በፊት ለሚማሩበት ለዜሮ ክፍል ሕፃናት እመዘግባለሁ። ስድስት ዓመት ያልሞላው አይገባም። የልደት ወረቀት የሌለው የክትባት ካርድ ያመጣል፤ እሱም ከጠፋ ልጁ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ማዶ ያለውን ጆሮውን እንዲይዝ እናደርጋለን።

የአያ ይሁኔ የልጅ ልጅ ልዕልት ካርዷን አይጥ በልቶባታል። አምና ጆሮዋ ላይ መድረስ አቅቷት መልሻታለሁ። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤቷ ከመቅደስ ጋር እስከ በሩ ትመጣና፣ መቅደስ ስትገባ እሷ አጥሩን ተደግፋ ሰልፉን ታያለች። መዝሙሩንም ከውጭ ሆና ከተሰለፉት አብልጣ ትዘምራለች። ዘንድሮም እናቷ ይታይሽ ይዛት መጣች። ልጅቷ እጇን አሳልፋ ተንጠራራች፤ አንድ ጣት ያህል ቀራት። ለዚያ ቤት ቁመት የሚባል ነገር አልተሰጠም፤ አያ ይሁኔም በሬ አጠገብ ሲቆሙ የሚታየው ባርኔጣቸው ብቻ ነው።

ይታይሽ ከግቢው ዛፍ ሥር የተቀመጡትን አባቷን ጠራቻቸው። እኔም ልጅቷን ዳግመኛ መመለሱ ከብዶኝ ነበርና፣ አያ ይሁኔ ጥርሷን አይተው ስድስት ሞልቷታል ካሉ እጽፋለሁ አልኩ። ተሰልፎ የነበረው ወላጅ ሁሉ ከበበን። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ ምን እንደሚሉ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

በልማዳቸው አፍንጫዋን ሊይዙ ብለው ተዉት። የታችኛውን ከንፈሯን ገለጡ፤ እያንዳንዱን የፊት ጥርስ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«አልነቀለችም» አሉ። «ሁሉም የወተት ነው፤ የሚነቃነቅም የለበትም። ልዋሽ አልችልም፣ መምህር።»

ይታይሽ አባቷን አየቻቸውና ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እኔ ተናደድኩ፤ እውነቱን ለመናገር የተናደድኩት በራሴ ነው፣ ሽማግሌው ዋሽተው እንዲገላግሉኝ በመጠበቄ። የልዕልት እንባ ወረደ። አያ ይሁኔ ሆዳቸው ባባ፤ እስቲ ደግሜ ልየው ብለው ጣታቸውን በጉንጯ በኩል ወደ ውስጥ ሰደዱ። ያን ጊዜ ነው በንዴት ግጥም አድርጋ የነከሰቻቸው።

ጮኹ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ጣታቸውን አውጥተው አገላብጠው አዩት፤ ቀጥሎ ልጅቷን አዩ፤ ሕመሙንም የረሱት መሰሉ። አፏን እንድትከፍት ለመኗትና ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ከመጨረሻዋ ትንሽ ጥርስ ኋላ፣ ከድዱ ግማሽ የወጣ ሰፊ ነጭ ጥርስ ነበር። በማዶውም እንዲሁ። ከፊት ግን አንድም የወለቀ የለም፤ ይህን ምን እንደሚሉት ጨነቃቸው።

እዚህ ላይ ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው መንጋጋ የማንኛውንም የወተት ጥርስ ቦታ እንደማይተካ፣ የፊት ጥርስ ወልቆ ሳያልቅ፣ ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከኋላ እንደሚበቅል ስምንት ዓመት ሙሉ በሰሌዳ ላይ አስተምሬያለሁ። ፈትኜበታለሁ፤ አርሜበታለሁ። በሰው አፍ ውስጥ ፈልጌው ግን አላውቅም።

ይህንኑ ለአያ ይሁኔ ነገርኳቸው።

«አርባ ዓመት ከፊት ብቻ ነው ያየሁት» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በሬ አፍ ውስጥ እስከ መንጋጋው ጣቱን የሚሰድ ሰው ጣት አይተርፈውም።

ከሰልፉ አንዷ እናት እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለች። ይታይሽ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ ይቺ እንኳ ሳታድር ጠራች ብላ ሳቀች። አባቷንም ትከሻቸውን ሳመቻቸው።

መዝገቡ ላይ የዕድሜ ማስረጃ የሚል ቦታ አለ። «ጥርስ» ብዬ ጻፍኩ። ልዕልት ስሟ መጻፉን በጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠልጥላ አይታ ካረጋገጠች በኋላ፣ ዞራ የአያቷን ጣት ያዘችና እፍ አለችበት።

«አባባ፣ አመመዎት?»

«አመመኝ» አሉ አያ ይሁኔ፣ እየሳቁ እንባቸው እየወረደ። «ደግ አደረግሽ።»