ከብት የሌለበት ኩርባ

ባየህ ከወረታ ደብረ ታቦር ሩዝ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ግን መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሣር ዋጠው። ቤት ውሎ ቤት ማደር ሲመርረው ትሩፋት የምትባል ወጣት የከፈተችው ጌም ቤት መሄድ ጀመረ። እዚያ ቁርጥ የመኪና የሚመስል መሪ ከነፔዳሉ አለ።

ትሩፋት ድሪፍት፣ ማለትም የጌሙን መኪና ኩርባ ላይ በጎን እያንሸራተቱ መንዳት፣ ልታስተምረው ሞከረች።

«ጋሼ፣ ኩርባው ላይ ነዳጅ ይስጡ! በጎኗ ስትንሸራተት መሪውን ወደ ተቃራኒው ይመልሱ!»

እሱ ግን ኩርባ ባየ ቁጥር ፍሬን ይረግጣል፤ ክላክስ ያለ ይመስል የመሪውን መሐል ይደበድባል።

«ኧረ ምን ይፈራሉ?»

«ከብት ነዋ! የፎገራ ላም አስፋልት ላይ ተኝታ ስታመነዥክ ዓለም ቢገለበጥ አትነሳም።»

«እዚህ እኮ ከብት የለም!»

ጌም ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባየህን እልህ ያዘው፤ ክረምቱን ሙሉ ተመላለሰ።

አንድ ቀን መኪናዋ ኩርባውን በጎኗ ጠርጋ፣ ከጎማዋ ጭስ እየተነሳ ወጣች። ሰዉ አጨበጨበ።

«ቻሉበት!» አለች ትሩፋት።

ባየህ ቀኝ እግሩን ጎንበስ ብሎ አየው። ፍሬኑን አልነካም። ከብት ትዝም አላለው። መሪውን ቀስ ብሎ ለቀቀ።

«እንግዲህ መንገዱ ቢከፈትም» አላት፣ «መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳው።»