ወንፊቱ ላይ የቀሩት

ላብራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «የትል እናት» ነው የሚሏት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እነዚያን ቀያይ፣ ክር የሚያክሉ የውሃ ትሎች የዓሣ መኖ እየፈጨች አሳድጋለች። በዕረፍት ቀኗ እንኳ ትሎቿን ሳታበላ ዘመድ ቤት አትሄድም። ከወንዝ ስር የተዛቀ ጭቃ ሲመጣ በየብርጭቆው አስር አስር ትል ይለቀቅበታል። በአስረኛው ቀን ጭቃው በወንፊት ይታጠብና በሕይወት የተረፉት ይቆጠራሉ። ካለቁ ጭቃው መርዝ አለበት ማለት ነው።

አዲሷ ልጅ ከመጣች ወዲህ ግን የትል እናት እህል አይበላላትም። ልጅቷ ዲግሪ አላት፤ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ሀላፊው «አያችሁ ፍጥነቷን?» ባለ ቁጥር የትል እናት ሆዷ እርር ይላል። ለእሷ አንድ ቀን እንኳ «አያችሁ» ተብሎላት አያውቅም። አሁን ደግሞ የክፍሉ ተጠሪ ሊመረጥ ነው፤ ከሁለቱ አንዷ።

ያን ቀን ልጅቷ ማወዳደሪያውን፣ ንጹሑን ጭቃ ስትቆጥር ፊቷ አመድ መሰለ። እዚያ ውስጥ ከአስር ሰባት ካልተረፈ የሁሉም ብርጭቆ ሥራ ይጣላል።

«እትዬ፣ አምስት ብቻ ነው ያገኘሁት። አለቀልኝ!»

የትል እናት ወንፊቱን አየት አደረገችና ወዲያው ገባት። ትሉ ጭቃውን በምራቁ እያጣበቀ እንደ እጅጌ ያለች ቤት ይሠራና ውስጧ ይደበቃል። ልጅቷ ቤቶቹን ቆሻሻ መስለዋት ወንፊቱ ላይ ትታቸዋለች።

«ምን ይደረጋል እንግዲህ፣ እህቴ» አለች፣ በሆዷ እየፈነጠዘች። ‹ዲግሪሽ ይቁጠርልሽ!›

ልጅቷ እያለቀሰች ወንፊቱን በረኪና ያለበት ባልዲ ላይ ልትገለብጥ ስትል ግን፣ የትል እናት ሳታስበው እጇን ለቀም አደረገቻት።

«አንቺ! ልጆቼን በቁማቸው ልትፈጂያቸው ነው?»

ቤቶቹን በመርፌ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አንዱ ተጠማዘዘ። ደግሞ ሌላው። አራት ሆኑ።

«ዘጠኝ!» ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «እንዴት አወቅሽ፣ እትዬ?»

«ያሳደግኳቸው እኔ አይደለሁ?»

ሀላፊው ገብቶ ወረቀቱን አየ። «ከአስር ዘጠኝ! አያችሁ ይቺን ልጅ?»

«ኧረ እትዬ ናት…» ልጅቷ ብትልም አልሰማትም፤ የሹመቱን ደብዳቤ ሊያስጽፍላት ወጥቷል።

የትል እናት ጥርሷን ነክሳ፣ ለሙከራ የዋለ ትል እንዲመለስ ደንቡ ባይፈቅድም ዘጠኙን ወደ ገንዳቸው መለሰችና መኖ በተነችላቸው።

«ብሉ» አለቻቸው ጎንበስ ብላ። «እሷን ግን እንዳትለምዷት!»