ማግኔቱ ጠፍቶ የታዩ አዙሪቶች

በቤተ ሙከራው ምድር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ፈሳሽ ሂሊየም የሞላውን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም። «ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ማለት ስለሚያበዛ ጋሽ ጠርጥር ይሉታል። የግፊት መለኪያውን ይጠረጥራል፤ የአማቹን ሳል እንኳ አያምንም።

በዚያ ሳምንት የጠረጠረው ተመራማሪዋን ነው። ሂሊየሙ የሚያቀዘቅዘው ናሙናዋ ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት ያሳልፋል። ማግኔት ሲበራበት ደግሞ ጥቃቅን አዙሪቶች ያበጃል፤ በእምብርታቸው የታሰሩ ኤሌክትሮኖች በምስሉ ላይ ነጭ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። ይህ የታወቀ ነው። የእሷ ነጥቦች ግን ማግኔቱ ጠፍቶም ይታያሉ። አዲስ ግኝት ነው ብላ ጽፋለች። ጽሑፉ ሐሙስ ይላካል፤ ዶክትሬቷም በሱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማን አበጃቸው ታዲያ?» አላት ሰኞ ጠዋት።

«ራሳቸው ናቸው ጋሼ።»

«ራሱን የሚያበራ አምፖል አይቼ አላውቅም።»

«እርስዎ እንኳን አምፖሉን ፀሐይንም ይጠረጥራሉ!»

ምስሎቹን ከሥራ መዝገቡ ጋር አስተያየ። ነካክታቸው ይሆናል ብሎ ነበር፤ አልነካካችም። ነጥቦቹ ግን ሁሌ በግራ በኩል ይበዛሉ። አንድ ምስል ብቻ ባዶ ነው፤ «የተበላሸ» ብላ አልፋዋለች። ቀኑን አየ። እሱ ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ ሂሊየሙን ሌላ ሰው የሞላበት ቀን ነው።

እሱ ሲሞላ የብሎን መፍቻውን ናሙናው በሚቀዘቅዝበት የሂሊየም ጋን ግራ እጀታ ላይ ያንጠለጥላል። ከአባቱ የወረሰው ነው። የወረቀት አግራፍ አስጠጋለት። ተጣበቀ፤ መፍቻው ማግኔት ሆኗል።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ማክሰኞን ዝም ብሎ ዋለ።

ረቡዕ መፍቻውን ፎቅ ትቶ፣ የቆዩት አዙሪቶች እንዲጠፉ ናሙናውን አሞቀና እንደገና አቀዘቀዘው። ምስሉ ባዶ ወጣ።

«ምን አደረጉት?» አለችው ተመራማሪዋ።

ወጥቶ መፍቻውን ከነአግራፉ አመጣና በጽሑፏ ላይ አስቀመጠው። አግራፉን አላቃ መልሳ አስጠጋችው፤ ያዘው።

«መቼ አወቁ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»



ለኃላፊው ደውላ ጽሑፉ እንደማይላክ ተናገረች። ስልኩን ዘግታ ወደ እሱ ዞረች።

«ኪስዎን ያራግፉ ጋሼ።»

የቤት ቁልፍ፣ ምላጭ፣ ሁለት ብሎን አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ያንቺስ?» አላት።

ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ እጇን ወደ ጸጉሯ ሰደደችና የብረት መያዣዋን ነቅላ ከብሎኖቹ አጠገብ አኖረችው።