ምንቃሩስ?

አያቴ ቢጫውን ወፍ ሊያሳዩኝ ወደ ደን ሲወስዱኝ፣ ብርድ ቢሆንም ነጭ ጋቢያቸውን አውልቀው በብብታቸው ይይዙት ነበር። «ነጭ ልብስ ይጮሃል፤ ወፎቹ ዝም ይላሉ» ይሉኛል። እኔ ቢጫ ነገር ባየሁ ቁጥር «አባየ፣ አገኘሁት» እላለሁ። እርሳቸው ግን ቶሎ አያምኑኝም።

«አንች ልጅ፣ ቢጫማ በማሳችን ዳር ጎጆ የሚሠራውም ወፍ ቢጫ ነው። ምንቃሩስ?»

የማሳው ወፍ ምንቃሩ ጥቁር፣ የደኑ ግን ቀይ ነው።

ለአርባቸው ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ እናቴ፣ «አባየ ካረፉ ወዲህ ያንን ወፍ የሰማው የለም፤ ዛፉም እየተቆረጠ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ብቻዬን ከመካነ ሰላም ከተማ በላይ ወዳለው ደን ገባሁ። ብዙ ቆምኩ፤ ምንም ድምፅ የለም። ወፉም እንደ እርሳቸው ሄዶ ይሆን ብዬ ስጨነቅ፣ ዐይኔ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ለሐዘን ዘቅዝቄ የለበስኩት ነጠላ ነጭ ነበር። ማውለቁ እርሳቸውን መተው መስሎኝ አመነታሁ። በኋላ ግን አጥፌ በብብቴ ያዝኩት።

ብርዱ ገና ትከሻዬን ሲነካው፣ ከእንስራ እንደሚንቆረቆር ውሃ ያለ ዜማ ከላይ ተሰማኝ። በቅጠሉ መሀል ቢጫ ነገር አየሁ።

«አባየ፣ አገኘሁት» አልኩ፤ እንደ ልማዴም እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። በጎኔ ማንም የለም። ወፉ አንገቱን እስኪያዞር ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።

«ቀይ ነው» አልኩ።