ቅንፍ ውስጥ የቆየች ልጅ

ቦንጋ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ መንግሥት ለአንድ ዓመት ተዋሰኝ። ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ከየክልሉ መርጦ አዲስ አበባ የሚያመጣና ከውጭ አገሮች ጋር በሚደረግ ድርድር ላይ የሚያሠራ ዕድል ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ጸልዬ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ተመስገን አልኩ።

የተፈለግኩት ለአንድ ስምምነት ነው። ልጆቻችን ለቤት ሠራተኝነት ከሚሄዱበት አገር ጋር አዲስ ውል ሊፈረም ስለነበር ስለ ጤና ምርመራ፣ ስለ ሕመምና ስለ ሞት የሚያውቅ ሰው ፈልገው ነበር። አገሩን አልጠራውም።

የሰፈራችን ሰው ግን እንዲህ አላለም። «ሲስተር የእትዬን ልጅ ልታመጣ ሄደች» ነው ያለው።

እትዬ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ትውልዳቸው ማንኪራ ነው፤ ቦንጋ ገበያ ላይ ማርና ኮረሪማ ይሸጣሉ። ትልቋ ልጃቸው በዚያ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ሞተች። «ልቧ ቆመ» ተባለ። ይህ ምክንያት አይደለም፤ የሞተ ሰው ሁሉ ልቡ ቆሟል። አስከሬኗ በአንድ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እትዬ ሬሳዋን ሳላይ አላለቅስም ብለው ድንኳን እንዳይተከል ከለከሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ በር ላይ ይመልሱት ነበር።

«ማን ሞተ? አይታችኋል?»

ሴት ልጄን ለዘመድ አደራ ሰጥቼ ልሄድ ስሰናዳ እትዬ ኮረሪማ በጨርቅ ቋጥረው መጡ።

«ይኼን ለአለቆችሽ ስጪልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የተዋሱኝ ሰው ነኝ። ሥልጣን የለኝም።»

«ሥልጣን ማን ጠየቀሽ? ልጄን ነው የጠየቅኩሽ።»

በመሥሪያ ቤቱ ውሰቶች ይሉን ነበር። የክፍሉ ዳይሬክተር በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ «እናንተ ውሰት ዕቃ ናችሁ» ብለው ቀለዱ። «ሳትሰነጠቁ ለባለቤቶቻችሁ እንመልሳችኋለን።»

ከሌላ ክልል የመጣ፣ እንደኔው የተዋሱት የሕግ ባለሙያ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ብንሰነጠቅስ?» አላቸው።

«የተሰነጠቀ ውሰት አይመለስም። ይጣላል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መሥሪያ ቤቱ ኪራይ የማልከፍልበት ቤት፣ ንጹሕ ወንበር፣ ሙቅ ሻይ ሰጥቶኝ ነበር። የሚያማርረኝ ነገር አልነበረም።

ሥራውን ቶሎ ተማርኩት። ሁለት ወገኖች ውል ሲያረቁ፣ ያልተስማሙበት ቃል በቅንፍ ውስጥ ይቀመጣል። አልጠፋም፤ አልጸደቀምም። ሲስማሙ ቅንፉ ይነሣል። በእኛ ረቂቅ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበር፦ ሠራተኛዋ ብትሞት አስከሬኗን ወደ አገሯ የሚመልሰው ማን ነው? እኛ «አሠሪው» እንላለን። እነሱ «የራሳችሁ መንግሥት፤ ካልሆነም እዚሁ ትቀበር» ይላሉ። ሁለቱም ቃል ጎን ለጎን በቅንፍ ተቀምጧል። የእትዬም ልጅ እዚያው ውስጥ ነበረች።

ዳይሬክተሩን ቢሮአቸው ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው።

«ዕድራችን ይክፈል። ኤምባሲው የመሸኛውን ወረቀት ብቻ ይስጠን» አልኳቸው።

«ይቀመጡ ሲስተር። ሻይ ይምጣልዎት?»

«ጾም ነው።»

«ሻይም?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

ፈገግ አሉ። «ይኸውልዎት። ዕድርዎ ዛሬ ከከፈለ፣ ነገ ጠረጴዛ ላይ ‹ይኸው፣ ቤተሰብ ይከፍላል› ይሉናል። አንዷን አምጥተን ከኋላዋ ያሉትን በሙሉ እናጣለን። ወረቀቱ አይሰጥም።»

«አንዷም እናት አላት።»

«ሁሉም እናት አላቸው። የምደራደረው ለዚያ ነው። ሲፈረም የመጀመሪያዋ የጎረቤትዎ ልጅ ትሆናለች።»

እውነታቸውን ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ለእትዬ ደወልኩና ነገሩ ቅንፍ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ቅንፍ ምንድን ነው?»

«እንደ አጥር ነው። ሲስማሙ ይፈርሳል።»

«አጥር ለማፍረስ ይኼን ያህል ወራት? የኛ ሰፈር ጥጃ ባንድ ጧት ያፈርሰዋል። ጸልዪ እንጂ።»

ጸለይኩ። ሌላ የምችለው አልነበረም።

የዚያ አገር ሰዎች ለድርድሩ መጡ። ከጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጽፍ ነበር፤ ውሰት በዚያ አዳራሽ አይናገርም። የመሪያቸው ቦታ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ መቁጠሪያ ይዘው ነበር፤ እንደኔ የሚጸልዩ ሰው ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። ተራው የአስከሬኑ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው፣ አገራቸው ሞቃት እንደሆነ፣ አስከሬን ማቆየት ለጤና አስጊ እንደሆነ፣ እዚያው ፈጥኖ መቅበር ለሟችም ክብር እንደሆነ ተናገሩ።

ዳይሬክተሩ ወደ ኋላ ዞሩ። «የጤና ባለሙያችን ይመልሱ።»

ተነሣሁ።

«በበቂ ቅዝቃዜ የተያዘ አስከሬን ለወራት ይቆያል» አልኩ። «ማንንም አይጎዳም። ስለ ጤና ብሎ ፈጥኖ መቅበር አያስፈልግም።»

አስተርጓሚው ነገራቸው። ዳይሬክተሩ ደስ ብሏቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው በጨዋ ደንብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑኝ።

«ባለሙያዋ አስተማሩን» አሉ። «ለወራት የሚቆይ ከሆነ አያስቸኩልም ማለት ነው። ይህን አንቀጽ ለሚቀጥለው ዙር እናቆየውና ስለ ደመወዙ እንነጋገር።»

ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። የደመወዙን ጭማሪ ይፈልጉት ነበር። «ይሁን» አሉ።

እውነቱን ነው የተናገርኩት። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ።

ስንወጣ የሕግ ባለሙያው ኮሪደር ላይ ደረሰብኝ። «ሲስተር፣ እስከ ዛሬ ዝም፣ ዝም! ባፍሽ የገባ ዝንብ አልነበረም። ዛሬ ከፈትሽውና ሽማግሌው ዘለው ገቡበት።» አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቁም። «ግሩም አነጋገር ነው» አሉኝ፤ «አጭር፣ ግልጽ።» ከልባቸው ነበር።

የሚቀጥለው ዙር ሳይደርስ የዚያ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ሞላ። ጠያቂ ያልቀረበላቸውን አስከሬኖች ሰብስበው ቀበሩ። የእትዬ ልጅ ጠያቂ ነበራት፤ ወረቀት አልነበራትም። መልእክቱ ከኤምባሲው መጣ፤ ሁለት መስመር ነው። ከመቃብሩ ፎቶ ጋር።

ለዳይሬክተሩ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«አዝናለሁ ሲስተር። በጣም።» ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና «ለሚቀጥለው ዙር ግን ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። ለእኔ ይላኩልኝ» አሉ።

ላኩላቸው።

በሚቀጥለው ዙር ቅንፉ ተነሣ። «አሠሪው አስከሬኑን ሁኔታው በፈቀደ መጠን ይመልሳል» ተብሎ ተጻፈ። ደመወዙም ጨመረ። ተፈረመ፤ ተጨበጨበ፤ ኬክ ተቆረሰ። እኔም ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አመስግኜ ተቀበልኩና በአውቶቡስ ወደ ቦንጋ ተመለስኩ።

ሻንጣዬን ሳልፈታ እትዬ ቤት ገባሁ። ታናሿ ልጃቸው በር ከፈተችልኝ። እዚያው እንደቀበሯት ነግሬ፣ ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ሰጠኋቸው። አሸዋ ነው። በመስመር የተተከሉ ትንንሽ ድንጋዮች አሉበት፤ ዛፍ የለውም።

«የቷ ናት?»

በጣቴ አሳየኋቸው።

«በምን አወቅሽ?»

«በቁጥሩ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ስም ነው ያወጣሁላት።»

ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሡ «ያንቺ ልጅ ደህና ናት?» አሉኝ።

«ተመስገን፣ ደህና ናት።»

«ተመስገን በይ። በደንብ በይ። እኔ እንድሰማው።»

ደግሜ አልኩት። ስልኩን መለሱልኝ።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በአዲሱ ስምምነት የሚሄዱ ልጆች ከቢታ ገነትም ከደካም እየመጡ ለጤና ምርመራ ይሰለፉ ጀመር። ወላጆቻቸው እጄን ይስማሉ። «ደመወዙን ያስጨመርሽው አንቺ ነሽ አሉ፤ እግዜር ይስጥሽ።» የእነሱን ልጆች የሚመዝነው፣ የደም ግፊታቸውን የሚለካውና የሚጽፈው የእኔ እጅ ነው። ሐኪሙ የሚፈርመው የጻፍኩትን አይቶ ነው።

አንድ ጧት የእትዬ ታናሽ ልጅ ገባች። እትዬ ከኋላዋ ነበሩ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ልመረመር ነው፣ ሲስተር። ልሄድ ነው።»

«የት?»

«እህቴ ጋ። መቃብሯ ላይ የቆመ ሰው የለም። እንደኛ ያለ ሰው እዚያ አገር በምን ይገባል? በሠራተኝነት ነው እንጂ።»

ወደ እትዬ ዞርኩ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

«አንቺ አላመጣሽልኝም። ትሂድና አፈር ታልብሳት። የእኔን እርም እሷ ታውጣልኝ።»

«እትዬ፣ እሷስ...»

«ጨርሺው። ‹እሷስ ብትሞት› ልትዪ ነው። አሁን አንቀጽ አላችሁ አይደል? ያመጧታል።»

«ሁኔታው በፈቀደ መጠን ነው የሚለው።»

«የማን ሁኔታ?»

አላወቅኩም። ከዓመት ድርድር በኋላ አላወቅኩም።

ልጅቱ እጅጌዋን ሰበሰበች። የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለልኩ፤ ነፋሁ፤ አዳመጥኩ። የጤነኛ ልጅ ልብ ነው፤ አይቸኩልም፤ አይዘልም። ከፍ ያለ ቁጥር ብጽፍ ሐኪሙ ይጥላት ነበር። ቦንጋ ትቀር ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ።

እትዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። የሚጻፈውን ማንበብ አይችሉም፤ እኔን ግን ያነብቡኛል።

«ሲስተር» አሉኝ በቀስታ፤ «ቆራቢ ነሽ። ሐሰት እንዳትጽፊባት።»

ትክክለኛውን ጻፍኩ። ልጅቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጅጌዋን አወረደች። ቀጣይዋን ጠራሁ።